ጠብመንጃ ሳትመርጥ ትከሻህን አሳየኝ

ጡረታ ከወጣሁ ሦስት ዓመት አለፈኝ። ይህን ግን ከእኔና ከባለቤቴ ከጸዳለ በቀር የሰማ ያለ አይመስለኝም። ባለፈው ሳምንት ሽንኩርት ልገዛ ሸዋ በር ገበያ ወርጄ፣ ገና አንድ እግሬን ከባጃጅ ሳላወርድ፣ አንድ ሰውዬ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነው።

«ጋሽ ኃይሉ፣ ይቺ እንዴት ናት?»

የጠብመንጃ ፎቶግራፍ ነው። ሰላምታ የለ፣ እንዴት አደሩ የለ።

«ለምን ፈለግካት?» አልኩት።

«ለአደን ነዋ፣ አቦ!»

«ምን ልታድን?»

ጠብመንጃውን መርጧል፣ የጠብመንጃውን መነጽር መርጧል፣ ማንገቻውን እንኳ በቀለም መርጧል። የሚያድነውን አውሬ ግን ገና አላሰበበትም። ሽንኩርቴን ሳልገዛ ተመለስኩ።

እንዲህ ያለውን ሰው ሳስተናግድ ነው ያረጀሁት። የሠራሁት የዱር አራዊት በሚጠብቅና የአደን ፈቃድ በሚሰጥ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፤ እዚሁ ሐረር። ሥራዬ ሦስት ነበር። አንደኛው፣ የጥበቃ ሠራተኞቻችንን ጠብመንጃ መጠገን። ሁለተኛው፣ ባለፈቃዶች ይዘው የሚመጡትን ጠብመንጃ መመርመር። ሦስተኛውና ጸጉሬን ያሸበተው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአደን የሚወጣ ሰው የትኛው ጠብመንጃ እንደሚስማማው መንገርና ተኩሶ ማሳየት መቻሉን ፈትኖ መፈረም። ለሁለቱ ሥራዎች ሞረድና ዘይት ይበቃል። ለሦስተኛው ግን የኢዮብ ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ እኔ ደግሞ አልተሰጠኝም።

ወንድ ልጅ ጫማ ሲገዛ እግሩን ይለካል። ጠብመንጃ ሲመርጥ ግን የጎረቤቱን ጠብመንጃ ነው የሚለካው። ጎረቤቱ ረጅም ካለው እሱ የሚረዝም ይፈልጋል። ድኩላ ልገድል ብሎ የዝሆን መጣያ ተሸክሞ የሚመጣውን እናንተ አላያችሁትም፤ እኔ አይቼዋለሁ። «ይኼ ይከብድሃል፣ ወደ ኋላ ሲመታህ ትፈራዋለህ፣ ስትፈራው ትስታለህ» ስለው የሚሰማው «አንተ ደካማ ነህ» ያልኩት ነው።

ወደዚህ ሥራ የገባሁት በአናጺነት ነው። መደርደሪያና ጠረጴዛ ልሠራ ተቀጥሬ፣ በሦስተኛው ወር ከግቢው ጀርባ ወዳለችው የጥገና ክፍል ወሰዱኝ። የቆርቆሮ ጣራ ያላት፣ ሲሞቅ እንደ ምድጃ የምትግል ክፍል ናት። እዚያ አው ኢድሪስን አገኘሁ። ሐረሪዎች ትልቅ ሰው «አው» ብለው ያከብራሉ፤ እኛም የክርስቲያኑ ልጆች እንደዚያው ነበር የምንጠራቸው። ጀጎል ውስጥ ተወልደው ጀጎል ውስጥ ያረጁ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ነበሩ። ሰደፍ ሲሠሩ እንጨቱን እንደ ሕፃን ነበር የሚያገላብጡት።

ጠብመንጃ በእጃቸው በገባ ቁጥር ባዶ መሆኑን ሦስት ጊዜ ያዩ ነበር። መጀመሪያ በዓይን፣ ቀጥሎ ትንሽ ጣታቸውን ከትተው፣ ከዚያ እንደገና በዓይን። ራሳቸው አስቀምጠውት ውኃ ሊጠጡ ሄደው ቢመለሱ እንኳ ከሀ ይጀምራሉ። አንድ ቀን ሳቅሁባቸው።

«አው ኢድሪስ፣ አሁን እኮ ነው ያዩት!»

«አንተ ውኃ ስትጠጣ ሸይጧን ሥራ ይፈታል እንዴ?» አሉኝ፤ ቀና ሳይሉ።

ጀማሪ ሲመጣ ደግሞ «የትኛውን ጠብመንጃ ትፈልጋለህ?» ብለው አያውቁም። «ትከሻህን አሳየኝ» ነው የሚሉት። ሰውየው ኮቱን ያወልቃል። ከአንገት አጥንቱ በታች ያለችውን ጎድጓዳ ቦታ በአውራ ጣታቸው ይጫኗታል። ሰደፍ የሚያርፈው እዚያ ነው። ቀጥሎ ክንዱን አጠፍ አድርጎ ባዶውን ጠብመንጃ እንዲይዝ ያደርጉታል፤ ጣቱ ምላጩ ላይ ሳይንጠራራ መድረሱን ያያሉ። ከዚያ፣ «ዓይንህን ጨፍን። ወደ ጉንጭህ አምጣው። አሁን ግለጥ» ይሉታል። ዓይኑን ሲገልጥ የፊተኛው ማነጣጠሪያ በኋለኛው ክፍተት ውስጥ ራሱ መጥቶ ከተቀመጠ ጠብመንጃው የሱ ነው። ለማየት አንገቱን ካስረዘመ ወይም ጉንጩን ከፍ ዝቅ ካደረገ፣ የሌላ ሰው ጠብመንጃ ነው የያዘው። ዋጋው የፈለገውን ይሁን።

በዚህ አያበቃም። ጀማሪውን ወደ ቆላው በሚወርደው መንገድ ዳር ካለው የተኩስ መለማመጃ ይወስዱትና ጥይቱን ራሳቸው ያጎርሳሉ። አምስት ጥይት ነው። ከአምስቱ አንዱ ግን ባሩድ የሌለው፣ የሞተ ጥይት ነው፤ የትኛው እንደሆነ ከሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም። ደህናው ጥይት ሲፈነዳ ሁሉም ጀግና ነው፤ ጩኸቱና ምቱ ፍርሃቱን ይሸፍንለታል። የሞተው ጥይት ላይ ሲደርስ ግን «ቀጭ» ይልና ዝም ይላል። ያን ጊዜ ነው ሰውየው የሚታየው። አፈሙዙ ወደ መሬት ይደፋል፣ ዓይኑ ይጨፈናል፣ ትከሻው ይሸሻል። ደረቱ በሜዳልያ የተሞላ ጡረተኛ መኮንን እንዲህ ሲሆን በዓይኔ አይቻለሁ። አው ኢድሪስ በማንም አይስቁም። «ጠብመንጃው ጎትቶሃል፤ አነስ ያለውን እንሞክር» ይላሉ፤ ያበቃል።

ደመወዛችንን ባልናገር ይሻላል፤ አው ኢድሪስ ጡረታ ሲወጡ ክፍሏና ሞረዶቹ ለእኔ ቀሩ፣ ጭማሪውም ለጫማ ሶል የሚበቃ ነበር።

አለቆቼ ብዙ ነበሩ። የመጀመሪያው ማኅተም ይወድ ነበር፤ ስለ ጠብመንጃ ምንም አላስቸገረኝም። ሁለተኛው ከሌላ መሥሪያ ቤት ተዛውሮ የመጣ፣ ጠብመንጃ በእጁ ነክቶ የማያውቅ፣ ቅን ሰው ነበር። ቅንነቱ ነው ያጠፋኝ። ባለጉዳይ ደጅ ላይ ቆሞ ካየ ምሳ አይበላም። «ሰው አታጉላሉ!» የዘወትር ቃሉ ናት።

አንድ ሐሙስ ቀን ሙክታር የሚባል ገበሬ መጣ። የሚኖረው ሐኪም ከሚባለው ተራራ ጀርባ፣ ቁልቁለቱ ላይ ነው፤ የእኔ እኩያ ነበር። ከርከሮ ማሽላውን አንድ ሌሊት ሲያርሰው፣ ሌላ ሌሊት ሲያርሰው፣ ከአምስት ጎረቤቶቹ ጋር ሆኖ የማባረሪያ ፈቃድ አውጥቷል። ተኳሽ እንዲሆን የተመረጠው እሱ ነው። በሕይወቱ ተኩሶ አያውቅም። የአማቶቹን የድሮ ምንሽር ተሸክሞ መጣ፤ ቁመቱ እስከ አገጩ ይደርሳል።

እኛ ዘንድ ለእንዲህ ያለ ሰው በውሰት የምትሰጥ፣ አጠር ያለች፣ ጥይቷ ቀጭን፣ ምቷ ለስላሳ የሆነች ጠብመንጃ ነበረች። ሁለቱን ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አጋደምኩለት።

«ኦቦ ሙክታር፣ ይቺ ትበቃሃለች» አልኩት። «ማማህ ላይ ሆነህ የምትተኩሰው በሠላሳ፣ በአርባ እርምጃ ነው። ከፊት እግሩ ኋላ ካስቀመጥክለት ከርከሮ በዚች ይወድቃል።»

«ከርከሮ እኮ ነው፣ አቶ ኃይሉ! ቆቅ አይደለም።»

«አውቃለሁ።»

«ይቺን ይዤ ብሄድ የሚስቴ ወንድሞች ምን ይሉኛል? ‹የኛን ጠብመንጃ መሸከም አቃተው› ነው የሚሉት። ወላሂ፣ መሳቂያ ነው የምሆነው።»

ዓይኑን አስጨፍኜ ምንሽሩን ወደ ጉንጩ አስመጣሁት። ሲገልጥ አንገቱ እንደ ሰጎን ተሳበ። ሰደፉ ይረዝመዋል። ይህን በግልጽ አየሁ፤ አላየሁም ብዬ አልዋሽም። የቀረው ወደ መለማመጃው ወስዶ ማስተኮስ ነው። መሄጃና መመለሻው ግማሽ ቀን ይፈጃል። ከሙክታር ኋላ ስምንት ሰው ተሰልፏል። ሁሉም ረጅም ረጅሙን ይዞ፣ ሁሉም ሊከራከረኝ ተዘጋጅቶ። ያን ቀን ጠዋት ከአንድ ነጋዴ ጋር ስለ መነጽር ስጨቃጨቅ ድምፄ ዘግቷል።

አለቃዬ በመስኮት ብቅ አለ። «ኃይሉ! የገበሬው ማሳ እየተበላ አንተ ትከሻ ትለካለህ?»

ሰልፈኛው ሳቀ። ሙክታርም ሳቀ። እኔ ደሜ ፈላ።

«በል፣ የፈለግከውን ውሰድ!» አልኩት ለሙክታር። ፎርሙን ሳብ አድርጌ «ተፈትኗል» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። አምስት ፊደል ናት። ሙክታር እጄን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ እየመረቀኝ፣ ምንሽሩን አንግቶ ወጣ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ነው የሰማሁት። ጎህ ሲቀድ ሙክታር ማማው ላይ ወጥቶ ይጠብቃል። ታናሽ ወንድሙ ጀማል ከላይ በኩል እየጮኸ ከርከሮዎቹን ወደሱ ሊነዳ፣ ከዚያም ከትልቅ ድንጋይ ኋላ ሊከለል ተስማምተዋል። ከርከሮው ወጣ። ሙክታር ዓይኑን ጨፍኖ ምላጩን ሳበ። ምንሽሩ ገና ሳይመታው ትከሻው ሸሸ፤ አፈሙዙ ወደ ጎን ሄደ። ጥይቱ ከጎን ያለ ሌላ ድንጋይ ገጭቶ ነጠረና የተከለለውን ጀማልን ጉልበቱ ላይ አገኘው። እግሩን ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር።

አለቃዬ አስጠራኝ። መዝገቡን ከፍቶ እያገላበጠ ነው። ፊቱ ላይ ላብ አለ። ከዚያ ገጹን አገኘውና በረጅሙ ተነፈሰ።

«ተመስገን! ወረቀቱ ንጹሕ ነው፣ ኃይሉ። ተፈትኗል ይላል። እኛን የሚነካን ነገር የለም።»

የምሥራች የነገረኝ መስሎት ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ከዚያ ወጥቼ በቀጥታ ጀጎል ገባሁ። አው ኢድሪስ ቤታቸው መደብ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያ ይዘዋል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው። አለቃዬ በመስኮት እንደጮኸ፣ ሰው እንደሳቀ፣ ስምንት ሰው እንደተሰለፈ፣ ሙክታር ራሱ እምቢ እንዳለ። አንዷንም አላስቀረሁም። እስክጨርስ ድረስ አላቋረጡኝም።

«ሲተኩስ አይተኸዋል?» አሉኝ።

«አላየሁትም።»

«ታዲያ ማን አየው?»

ስለ አለቃዬ እንደገና ልነግራቸው ጀመርኩ።

«ለኔ ምን ትነግረኛለህ?» አሉኝ። «የሚነገራቸው ሰዎች አሉ። ሂድ።» መቁጠሪያቸውን መልሰው ያዙ። ብርጭቆ ሻይ እንኳ ሳያቀርቡልኝ ነው የወጣሁት፤ በዚያ ቤት እንዲህ ሆኖብኝ አያውቅም።

የሄድኩት ግን በማግስቱ አይደለም። አራት ቀን ፈራሁ። በአምስተኛው ቀን ጸዳለ «ወይ ሂድ ወይ ብላ፤ እንዲህ ሆነህ አብረኸኝ አትኖርም» ስትለኝ ነው የተነሣሁት።

ከሐኪም ተራራ ጀርባ ሙክታር ቤት ስደርስ ሽማግሌዎች ተሰብስበዋል። ጀማል ከሐኪም ቤት ወጥቶ ጥግ ላይ ተጋድሟል። ሙክታር ከበሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ከስቶ ጉንጩ ገብቷል። ሲያየኝ ብድግ አለ።

«አቶ ኃይሉ፣ አንተ ምን አደረግክ? ዓይኔን የጨፈንኩት እኔ ነኝ። አንተማ ትንሿን ውሰድ ብለኸኝ ነበር። ሁሉም ይስማ! ብሎኝ ነበር!»

እዚያው ላይ ዝም ብል ኖሮ ሁሉም ነገር ያልቅ ነበር። ሽማግሌዎቹ ቦታ ለቀውልኛል። ተቀመጥ ይሉኛል። ነጻ ሰው ሆኜ ወደ ቤቴ እመለስ ነበር።

«ጠብመንጃው እንደማይሆነው አይቻለሁ» አልኩ። «ማስተኮስ ነበረብኝ። አላስተኮስኩትም። ተናድጄ ፈረምኩ።»

ጀማል ከጥግ ራሱን ቀና አደረገ። «ወረቀቱ ላይ ምን ይላል?»

«ተፈትኗል ይላል።»

«አልተፈተነም?»

«አልተፈተነም።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔ ዱላም ቢመጣ ልቀበል ተዘጋጅቼ ቆሜያለሁ። ጀማል ሲናገር ግድግዳውን እያየ ነው።

«ወንድሜ ከዚያን ቀን ወዲህ እህል በአፉ አልዞረም። ሁሉንም ብቻውን ተሸክሞት ነበር። አልሐምዱሊላህ፣ አሁን ለሁለት ያዙት።» ከዚያ ለሴቶቹ በኦሮምኛ ጮክ ብሎ ምግብ እንዲቀርብ ተናገረ። እኔና ሙክታር ከአንድ ሳህን በላን።

ለመሥሪያ ቤቴም ፈተናው እንዳልተደረገ በእጄ ጽፌ አስገባሁ። አለቃዬ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበና፣ «ማን ጠየቀህ?» አለኝ። ቅን ያልኩት ሰው ነው። ከወር በኋላ ከክፍሌ አንሥተው ኤረር ሸለቆ ወዳለው የጥበቃ ጣቢያ ላኩኝ፤ ሁለት ዓመት።

ከመሄዴ በፊት ለጀማል ምርኩዝ ሠራሁለት። የሰደፍ እንጨት ነው፤ ደርቆ የከረመ፣ አው ኢድሪስ ያስቀመጡት። እንደ ሰደፍ ነው የለካሁት፤ ብብቱን፣ ክንዱን፣ መጨበጫውን። የመጀመሪያውን «አጠረች» ብሎ መለሰው። ሁለተኛውን «ከበደች» አለ። ሦስተኛውን ይዞ ቤቱን ሁለት ጊዜ ዞረና፣ «ይቺ መጨበጫዋ ይሻክራል» አለኝ። በሌላ ጊዜ ቢሆን እጮህበት ነበር። ተቀምጬ ፋቅኩለት። ዛሬ ጊደር መጋላ ገበያ ቅመም ይሸጣል። ሳልፍ ይጠራኛል፤ ዋጋም ይቀንስልኛል፣ ስለ ምርኩዙም ያማርረኛል።

በኤረር ጣቢያ ደግሞ ሌላ ንዴት ጠበቀኝ። ሰዓዳ የምትባል አዲስ የጥበቃ ሠራተኛ ተቀጥራለች፤ በጣቢያው የመጀመሪያዋ ሴት። ወንዶቹ የሰጧት ጠብመንጃ በጣቢያው ካሉት ሁሉ ከባዱን ነው፤ ማንም ሊሸከመው ያልፈለገውን። ዒላማውን አንድም ጊዜ አልመታችም። «ሴት አትተኩስም» ብለው ሪፖርት ሊጽፉ ነው።

«ትከሻሽን አሳዪኝ» አልኳት፤ ነጠላዋን ሳታወልቅ ለካሁት። ሰደፉ በሁለት ጣት ይረዝማታል። መጋዝ አውጥቼ ቆረጥኩት። የጣቢያው ኃላፊ የመንግሥት ንብረት አበላሸህ ብሎ ጮኸ። የተቆረጠችውን እንጨት ሰጠሁትና «መዝግባት» አልኩት። በማግስቱ ሰዓዳ አምስት ተኩሳ አራት መታች። አንዱ የሞተው ጥይት ነው፤ እሱ ላይ አፈሙዟ ንቅንቅ አላለም። ወንዶቹ ምን እንዳሉ ታውቃላችሁ? «ጠብመንጃው ጥሩ ስለሆነ ነው።» ትናንት የማይረባ ያሉት ጠብመንጃ!

ወደ ሐረር የተመለስኩት አው ኢድሪስ ካረፉ በኋላ ነው። ሞታቸውን በረሃ ሆኜ በመልእክተኛ ሰማሁ፤ ለቀብር አልደረስኩም። ልጃቸው የጥይት ሳጥናቸውን ሰጠችኝ። ውስጡ ያሉት በሙሉ የሞቱ ጥይቶች ናቸው።

ከዚያ በኋላ ሳላስተኩስ የፈረምኩለት አንድም ሰው የለም። «አጉላዩ ኃይሉ» የሚል ስም ወጣልኝ። ሚኒስትር ጋ የከሰሰኝ አለ። በአማላጅ የመጣ አለ። ልጁን ክርስትና አንሣልኝ ብሎ ሊያለዝበኝ የሞከረም አለ፤ ክርስትናውን አነሣሁ፣ እሱን ግን አስተኮስኩት፣ ወደቀ፣ እስከ ዛሬ ተኳርፈናል።

አሁን ደግሞ ከሁሉ የባሰው መጣ፤ ስልክ። ድሮ ጀማሪውን የሚያሳስተው አንድ ጎረቤት ነበር። ዛሬ በእጁ ውስጥ ሺህ ጎረቤት አለ። ጎረቤቴ ናትናኤል ከነዚህ አንዱ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት የሆነው፣ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ፣ ትሑት ሰው ነው፤ ስለ ጠብመንጃ ካልተነሣ። ባለፈው ዓመት አንድ አጋዘን የማደን ፈቃድ አገኘ። ሦስት ሳምንት ደጄን ጠና። ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ይጠብቀኛል። ጸዳለን በመኪና ገበያ ያደርስና በሷ በኩል ያስጠይቀኛል።

«ጡረታ ወጥቻለሁ!» አልኩት።

«ጋሽ ኃይሉ፣ የመሥሪያ ቤቱ ልጆች ፎርም አስሞልተው ሊፈርሙልኝ ነው። እኔ ግን እርስዎ እንዲያዩኝ ነው የምፈልገው።»

ፎርም ሲል ጀማል ትዝ አለኝ። ሄድኩለት።

መለማመጃው ቦታ ይዞ የመጣው ጠብመንጃ ለጎሽ የሚሆን ነው። ስለ ጥይቱ ፍጥነት አንድ ሰዓት አስረዳኝ። ዓይኑን አስጨፈንኩት። ሲገልጥ ማነጣጠሪያው የለም፤ ሰማይ ነው ያየው። «እለምደዋለሁ» አለ። አምስት ጥይት አጎረስኩለት። ሁለቱን ተኮሰ፤ አንዱ ዒላማውን ጠርዙን ነካ፣ አንዱ የት እንደገባ እንጃ። ሦስተኛው «ቀጭ» አለ። አፈሙዙ ወደ ጫማው ጫፍ ተደፋ።

«ጥይቱ ከሸፈ!» አለኝ።

«ጥይቱስ ከሸፈ። አንተስ?»

ቀላ። ከዚያ ተከራከረኝ። ነፋሱ ነው አለ፣ ጫማው ነው አለ፣ ቁርስ አልበላሁም አለ። እኔም ጮህኩ። የቀኑ ፀሐይ አናታችን ላይ ሆኖ ሁለት ትልልቅ ሰዎች እንደ ሸቀጥ ሻጭ ተጯጯህን። በመጨረሻ ጠብመንጃውን ከእጁ ወስጄ፣ ከዚያው ከመሥሪያ ቤቱ የተዋስኳትን ቀለል ያለች ጠብመንጃ ሰጠሁት። ለአጋዘን ትበቃለች፤ በመቶ እርምጃ ከደረቱ ላይ ካረፈች ሌላ አያስፈልግም። እያጉረመረመ ወሰዳት። ዓይኑን ጨፍኖ ሲገልጥ ግን ማጉረምረሙን ተወ። እንደገና ጨፈነ፣ እንደገና ገለጠ።

«መጥታ ተቀመጠች» አለ፤ በሹክሹክታ።

አራት ቀን ተመላልሰን ተኮሰባት። በአራተኛው ቀን በሞተው ጥይት ላይ እጁ እንደ ድንጋይ ጸና። ለመሥሪያ ቤቱ ልጆች «አሁን ፈርሙለት» አልኳቸው። ሄደ።

ከሳምንት በኋላ ረፋዱ ላይ ስልኬ ጮኸ። ናትናኤል ነው። ከቆላው ከፍታ ላይ ቆሞ፣ መስመሩ እየተቆራረጠ።

«ጋሽ ኃይሉ፣ አጋዘኑን አገኘሁት! ሰማንያ እርምጃ! ቀንዱ እንዴት ያለ ነው!»

«እሺ፣ የት መታኸው?»

«አልተኮስኩም።»

«ለምን?»

«ቁጥቋጦ ውስጥ ነበር። ቀንዱንና አንገቱን ነው ያየሁት። ገላው የት እንዳለ አላወቅኩም። መንገድ መሪዬ ‹ተኩስ፣ ተኩስ› ይለኛል። እኔ ጠበቅሁ፤ እስኪወጣ ጠበቅሁ። በሌላ በኩል ወጥቶ ሄደ። ሰዎቹ ስቀውብኛል፣ ጋሽ ኃይሉ። የፈቃዴ ቀን ነገ ያልቃል። ተሳስቻለሁ?»

ወንበር ስቤ ስቀመጥ መስመሩ የተቋረጠ መስሎት «ሃሎ፣ ሃሎ» ይላል።

«አልተሳሳትክም» አልኩት። «በሰላም ግባ።»

እሱ ግን መች ይበቃዋል? እንግዲህ ለሚመጣው ዓመት ምን ዓይነት መነጽር ልግዛ ብሎ ጀመረ። መነጽር፣ ማንገቻ፣ ቦርሳ። ከእነ ጠብመንጃህ ገደል ግባ ብዬ ስልኩን ዘጋሁበት።

ጸዳለ ከጓዳ ብቅ አለች። «ደግሞ ማን ነው? ከነዚያ ከጀማሪዎችህ አንዱ ነው?»

«አይደለም» አልኳት። «አዳኝ ነው።»